የሥራ ቪዛ እንደ ሸቀጥ አይገዛም

ወደ እንግሊዝ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ስለሚያስፈልገው ፈቃድና ስለ ክፍያው የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያዝ አስቀድሞ ፕሮፎርማውን ያነባል፤ የላኪውን ስምና አድራሻ ያጣራል፤ ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ መጠኑንና ዋጋውን ይመረምራል። ዕቃው ከተጫነም በኋላ የመጫኛውን ሰነድ ከፋክቱሩ ጋር አስተያይቶ አንዲት ቁጥር ተዛንፋ ቢያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ይህ ጥንቃቄ የንግድ ሥራ መሠረት ነው። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ፣ የእኅቱ ልጅ ወይም የሱቁ ጸሐፊ «የውጭ አገር የሥራ ቪዛ ተገኝቶልኛልና ገንዘቡን ያበድሩኝ» ብሎ በመጣ ጊዜ፣ አንዲት ወረቀት ሳያነብ ከካፒታሉ ቆርሶ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ዘመድን መርዳት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ለመሄድ የሚያስበው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘቡ ያለው ከቤተ ዘመዱ መካከል በሚነግደው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የቪዛ ደላላ የሚፈልገው እውነተኛ ደንበኛ ተጓዡ ሳይሆን ከተጓዡ በስተጀርባ ያለው ነጋዴ ነው። ጉዳዩ ሲበላሽም ወጣቱ የሚያጣው ተስፋውን ሲሆን፣ ነጋዴው የሚያጣው ለሚቀጥለው ትእዛዝ ያስቀመጠውን ተንቀሳቃሽ ገንዘብ ነው። በዚህም ምክንያት የሥራ ቪዛን ደንብና ክፍያ ማወቅ ለተጓዡ ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም አስፈላጊ ትምህርት ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በመርካቶ የቤት ዕቃ እያስመጣ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለምሳሌ ይወሰድ። የእኅቱ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አግኝቶ በአንድ ድርጅት ውስጥ በመጠነኛ ደመወዝ ይሠራል። ከዕለታት አንድ ቀን ወጣቱ በአንድ ደላላ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ይመጣል። በወረቀቱ ላይ የአንድ የእንግሊዝ ድርጅት ስም፣ «የመጋዘን ሠራተኛ» የሚል የሥራ መደብና በዓመት 24,000 ፓውንድ የሚል ደመወዝ ተጽፎበታል። ደላላው «ለሰርተፊኬቱ ዋጋ» 8,000 ፓውንድ የሚያህል ብር ይጠይቃል፤ ገንዘቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ይናገራል። ወጣቱም «ጋሼ፣ ዕድሌ እንዳያመልጠኝ እርስዎ ይድረሱልኝ፤ ሠርቼ እከፍላለሁ» ብሎ ይለምናል። ነጋዴው በዚያው ሳምንት ለአዲስ ትእዛዝ ወደ ባንክ ሊያስገባው ያዘጋጀው ገንዘብ አለው። ይስጥ ወይስ ይከልክል? መልሱ የሚገኘው ከርኅራኄ ወይም ከጭካኔ ሳይሆን ከሰነዱ ውስጥ ነው። ሰነዱን ለማንበብ ግን ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ. ቪዛ ሁሉ የሥራ ቪዛ አይደለም

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቪዛ እንደ ጉዞው ዓላማ ይለያያል። ለነጋዴ ቅርብ የሆነው የጎብኚ ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ በተለመደው አኳኋን እስከ 6 ወር የሚያስቆይ ሲሆን፣ የያዘው ሰው ከደንበኞቹ ጋር ሊሰበሰብ፣ ስለ ዋጋ ሊነጋገር፣ ውል ሊፈራረምና የንግድ ትርኢት ሊመለከት ይችላል። በትርኢቱ ላይ ዕቃውን ማስተዋወቅ ይፈቀድለታል፤ በቀጥታ ለሕዝብ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም። ከሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተመደበው የ6 ወር የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ 127 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ ቡና ላኪው ከገዢው ጋር ለመነጋገር ሲሄድ የሥራ ቪዛ አያስፈልገውም።

በአንጻሩ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ተቀጥሮ ሊሠራ አይችልም። ደላሎች ከሚያሰራጩት ወሬ አንዱ «በጉብኝት ይግባና እዚያው ይለወጥለታል» የሚለው ነው። የእንግሊዝ ደንብ ጎብኚ እዚያው እንዳለ ቪዛውን ወደ ሥራ ቪዛ እንዲለውጥ አይፈቅድም። ሊሠራ የሚፈልግ ሰው በአገሩ ሆኖ ማመልከት ይኖርበታል።

ለሥራ የሚሰጠው ዋነኛው ቪዛ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚባለው ሲሆን፣ የተጀመረው ኅዳር 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ቪዛው የሚሰጠው በነጥብ ቆጠራ ሲሆን አመልካቹ 70 ነጥብ ማግኘት አለበት። ይኸውም ፈቃድ ካለው አሠሪ የተሰጠ የሥራ ጥሪ 20፣ የሥራው የሙያ ደረጃ 20፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ 10፣ እንዲሁም ደመወዙ 20 ነጥብ ያስገኛሉ። ከነዚህ አንዱ የጎደለበት ማመልከቻ ሰው በመለመን ወይም ገንዘብ በመጨመር አይሟላም።

2ኛ. የአሠሪው ፈቃድና የምስክር ቁጥሩ

ማናቸውም የእንግሊዝ አሠሪ በፈለገ ጊዜ ከውጭ አገር ሠራተኛ ሊያስመጣ አይችልም። አስቀድሞ ሆም ኦፊስ ከሚባለው የአገር ግዛት መሥሪያ ቤት የስፖንሰርነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህም በእኛ አገር አስመጪ ለመሆን የንግድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያላቸውን አሠሪዎች ስም ዝርዝር በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ይታደሳል። ዝርዝሩን ለመመልከት ክፍያ የለውም፤ ስሙን የሚያውቅ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያጣራ ይችላል።

ፈቃድ ያለው አሠሪ ሠራተኛውን ከመረጠ በኋላ የስፖንሰርነት ምስክር የሚባለውን ይሰጠዋል። ስሙ ምስክር ወረቀት ቢባልም ማኅተም የታተመበት ወረቀት አይደለም፤ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የገባ የሠራተኛው፣ የሥራውና የደመወዙ ዝርዝር ሲሆን፣ ለሠራተኛው የሚደርሰው የዚህ መዝገብ መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ባለ ማኅተም ወረቀት ይዞ «ሰርተፊኬቱ ይኸው» የሚል ደላላ ያመጣው ምንም ዋጋ የሌለው ወረቀት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ማመልከቻው ካልገባ ይሰረዛል።

ከዚህም በላይ ምስክሩ የተሰጠው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ አሠሪና ለአንድ ሥራ ነው። ሠራተኛው እዚያ ከደረሰ በኋላ አሠሪ መለወጥ ቢፈልግ ከአዲሱ አሠሪ አዲስ ምስክር ተቀብሎ እንደገና ማመልከት አለበት። እንግዲህ ምስክሩ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር አይደለም። የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

3ኛ. ከሥራውና ከሠራተኛው የሚጠየቀው

ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደንቡ በእጅጉ ጠብቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው የዲግሪ ደረጃ ያለው ሙያ መሆን አለበት፤ ከዚህ በታች የሆኑት በልዩ ዝርዝር ከተጠቀሱት ጥቂቶች በቀር ለአዲስ አመልካች ተዘግተዋል። እዚህ ላይ የሚመዘነው የሠራተኛው ዲግሪ ሳይሆን የሥራው ደረጃ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዲግሪ ያለው ሰው በመጋዘን ሠራተኛነት ቢጠራ፣ ዲግሪው ሥራውን ከፍ አያደርገውም።

ደመወዙን በተመለከተ በዚያው ቀን የተወሰነው ዝቅተኛ መጠን በዓመት 41,700 ፓውንድ ወይም ለሙያው በተለይ የተመደበው መጠን ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለጀማሪ ሠራተኞችና ለአንዳንድ ሙያዎች ዝቅ ያለ መጠን ተፈቅዷል፤ ለጀማሪዎች የተመደበው 33,400 ፓውንድ ነበር።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው «ቢ 2» የተባለውን ደረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን የሚያሳየው በተፈቀደ የፈተና ጣቢያ ተፈትኖ ወይም በእንግሊዝኛ የተማረውን ዲግሪ በማቅረብ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ሁለተኛው መንገድ ለብዙ ወጣቶች ይጠቅማል። ሆኖም ከውጭ አገር የተገኘውን ዲግሪ ኤክቲስ የተባለው ድርጅት መርምሮ ማረጋገጥ አለበት።

ከነዚህ ሌላ ከኢትዮጵያ የሚሄድና ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ሰው በተፈቀደ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል፤ የምርመራው ምስክር ወረቀት የሚጸናው ለ6 ወር ነው። እንዲሁም በሕክምና፣ በማስተማርና እነዚህን በመሳሰሉ ሥራዎች የሚቀጠር ሰው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ይጠየቃል።

በመጨረሻም አመልካቹ እዚያ ሲደርስ ራሱን የሚያኖርበት ቢያንስ 1,270 ፓውንድ በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል መቆየቱን ማሳየት አለበት። አሠሪው «የመጀመሪያውን ወር ወጪ እኔ እችላለሁ» ብሎ በምስክሩ ላይ ካረጋገጠ ግን ይህ ይቀርለታል። ለነጋዴው ይህ ነጥብ ጠቃሚ ነው። ይህ ገንዘብ የሚታይ እንጂ የሚከፈል አይደለም፤ ለማንም ሰው እጅ አይሰጥም። «የማሳያውን ገንዘብ በእኔ ሒሳብ አስገባና እኔ አሳይልሃለሁ» የሚል ደላላ የሚናገረው ከደንቡ ውጭ ነው።

4ኛ. የክፍያው ሒሳብ

ክፍያውን በሁለት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ብዙ ስሕተትን ያስቀራል። አንደኛው ዓምድ የአሠሪው ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው የሠራተኛው። ከዚህ በታች የተጻፈው በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. አጋማሽ በነበረው ታሪፍ መሠረት አንድ ትልቅ ድርጅት አንድን የሒሳብ ባለሙያ ለ3 ዓመት ቢጠራ የሚወጣው ሒሳብ ነው።

የአሠሪው ድርሻ፦
ለስፖንሰርነት ምስክር፦ 525 ፓውንድ
የሙያ ክፍያ (በዓመት 1,320)፣ ለ3 ዓመት፦ 3,960 ፓውንድ
ድምር፦ 4,485 ፓውንድ

የሠራተኛው ድርሻ፦
ለቪዛ ማመልከቻ፣ እስከ 3 ዓመት፦ 769 ፓውንድ
የጤና አገልግሎት ክፍያ (በዓመት 1,035)፣ ለ3 ዓመት፦ 3,105 ፓውንድ
ድምር፦ 3,874 ፓውንድ

የሙያ ክፍያ የሚባለው ከውጭ አገር ሠራተኛ የሚያስመጣ አሠሪ ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ ለትናንሽ ድርጅቶች በዓመት 480 ፓውንድ ሆኖ ተመድቧል። ከዚህም በፊት አሠሪው ስፖንሰር ለመሆን ትንሽ ድርጅት ከሆነ 574፣ ትልቅ ከሆነ 1,579 ፓውንድ ከፍሏል። ደንቡ አሠሪው የሙያ ክፍያውን ወደ ሠራተኛው እንዳያዛውር ይከለክላል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የስፖንሰርነት ፈቃዱንና የምስክሩንም ዋጋ ከሠራተኛው እንዳይቀበል ተከልክሏል። ይህን ጥሶ የተገኘ አሠሪ ፈቃዱን እስከ ማጣት ይደርሳል።

በሠራተኛው ዓምድ የተጻፉትን ሁለቱን ክፍያዎች ሠራተኛው ራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ በኩል ሲያመለክት ይከፍላል። አንዳንድ አሠሪ እነዚህንም ሊከፍልለት ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ቪዛው ከተከለከለ የጤናው ክፍያ ይመለሳል፤ የማመልከቻው 769 ፓውንድ ግን ጉዳዩ ከታየ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው ሲያበድር የትኛው ገንዘብ ሊመለስ እንደሚችልና የትኛው እንደማይመለስ ለይቶ ቢያውቅ መልካም ነው።

ሚስቱን ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ ለእርሷም እንደዚሁ 3,874 ፓውንድ ይከፍላል፤ የሁለቱ ድምር 7,748 ፓውንድ ይሆናል። በባንክ መታየት ያለበትም ገንዘብ ለሚስት 285 ፓውንድ ተጨምሮበት 1,555 ፓውንድ ይደርሳል። የጤና ምርመራ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የሰነድ ትርጉምና የአውሮፕላን ቲኬት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም፤ ሁሉም ለየራሳቸው ደረሰኝ አላቸው። ከአገር ውጭ ሆኖ ያመለከተ ሰው አሻራውንና ሰነዱን ካቀረበ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ውስጥ መልስ ያገኛል። ለመቸኮል የፈለገ ሰው 500 ፓውንድ ጨምሮ በ5 የሥራ ቀን መልስ እንዲያገኝ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ግን መልሱን ያፋጥነዋል እንጂ የተከለከለውን አያስፈቅድም።

የተጻፈው ታሪፍ ለዘለዓለም የሚጸና አይደለም። የስፖንሰርነት ምስክሩ ዋጋ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ239 ፓውንድ ወደ 525 በአንድ ጊዜ ዘሏል፤ የጤናው ክፍያም ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ624 ወደ 1,035 ከፍ ብሏል። የጉምሩክ ታሪፍ ሲለወጥ አስመጪው አዲሱን እንደሚመለከት ሁሉ፣ አመልካቹም በሚከፍልበት ቀን ያለውን ታሪፍ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ መመልከት አለበት። ከቁጥሩ ይልቅ ዓምዱን መያዝ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ይለወጣል፣ የአሠሪው ዕዳ ግን የአሠሪው እንደ ሆነ ይኖራል።

5ኛ. ምስክር በተሸጠ ጊዜ የደረሰው ጉዳት

ይህ ማስጠንቀቂያ ከባዶ ፍርሃት የመጣ አይደለም። የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የሰው እጥረት ስለ በዛበት ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች በሩን ከፈተ። ሥራው ዲግሪ አይጠይቅም ነበር፤ ከጤናው ክፍያም ነጻ ነበር። በዚህ ጊዜ የረባ ሥራ ሳይኖራቸው የስፖንሰርነት ፈቃድ ያወጡ ድርጅቶች ተፈጠሩ፤ በደላሎችም በኩል ምስክሩን በብዙ ሺህ ፓውንድ መሸጥ ጀመሩ። ከእስያና ከአፍሪካ አገሮች ብዙ ሰዎች መሬታቸውን ሽጠው፣ ከዘመድ ተበድረው ከፈሉ። እዚያ ሲደርሱ አንዳንዶቹ የተነገራቸው ሥራ ጨርሶ አልነበረም፤ ሌሎቹ በሳምንት የተሰጣቸው የሥራ ሰዓት የቤት ኪራይ እንኳ የሚከፍል አልሆነም።

መንግሥቱ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚህ የእንክብካቤ ሥራ መስክ ከ470 በላይ የስፖንሰር ፈቃዶችን ሰረዘ። ከመጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የእንክብካቤ ሠራተኞች ቤተ ሰባቸውን ይዘው እንዳይመጡ ተከለከለ፤ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ የእንክብካቤ ሠራተኛ መቅጠር ጨርሶ ተዘጋ።

የአሠሪው ፈቃድ ሲሰረዝ ሠራተኛው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ቪዛው ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ቀን ያጥራል። በነዚህ ቀናት ውስጥ ሌላ ስፖንሰር አግኝቶ ካላመለከተ አገሩን ለቆ መውጣት አለበት። በአገር ቤት ያለው ዕዳ ግን 60 ቀን አያውቅም፤ አበዳሪው ዘመድ ገንዘቡን ይጠብቃል፣ የነጋዴውም መጋዘን ባዶውን ይቆያል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሐሰተኛ ሰነድ ማመልከት ነው። በማመልከቻው ያታለለ ሰው ማመልከቻው ከመከልከሉ ሌላ ለ10 ዓመት ያህል ቪዛ እንዳያገኝ ሊደረግ ይችላል። ደላላው የጻፈው ውሸት የሚቆጠረው በአመልካቹ ስም ነው።

6ኛ. በአገራችን ሕግም መሠረቱ አንድ ነው

የአሠሪውን ዕዳ ከሠራተኛው ዕዳ መለየት የእንግሊዝ ልማድ ብቻ አይደለም። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ስለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ይህንኑ መሠረት ተከትሏል። አዋጁ ሲወጣ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና ወጪ በአሠሪው ላይ እንዲወድቅ ደንግጓል። በሠራተኛው ላይ የተዉት የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የሥራ ውሉን የማረጋገጥና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ወጪዎች ናቸው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል።

ስለዚህ የሱቅ ረዳቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ብድር ስትጠይቅ፣ ነጋዴው አስቀድሞ «የተጠየቅሽው ገንዘብ ለምን ለምን ነው?» ብሎ በዝርዝር ቢያስጽፋት ይጠቅማታል። በዝርዝሩ ውስጥ «ለቪዛ» ወይም «ለቲኬት» የሚል ከተገኘ፣ የአሠሪው ዕዳ በእርሷ ትከሻ ላይ መጫኑ የታወቀ ነው።

7ኛ. ገንዘብ ከመስጠት በፊት የሚመረመሩ ነጥቦች

አንድ ነጋዴ ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ ሲጠየቅ የሚከተሉትን እንደ ማንኛውም የንግድ ሰነድ ቢመረምር ይበቃዋል።

ሀ. የአሠሪው ስም መንግሥቱ ካወጣው የስፖንሰሮች ዝርዝር ውስጥ ይገኛልን? ስሙ ቢገኝም የድርጅቱ አድራሻ ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ተፈልጎ፣ ጥሪው ከእርሱ መምጣቱ በቀጥታ ይጠየቅ። ሐሰተኛ ደላላ የእውነተኛ ድርጅት ስም ይጠቀማልና።

ለ. አሠሪው ወጣቱን አነጋግሮታልን? ስለ ሙያው ሳይጠይቅ በዓመት 41,700 ፓውንድ ለመክፈል የሚስማማ አሠሪ አይገኝም።

ሐ. የሥራው መደብና ደመወዙ በደንቡ የተፈቀዱ ናቸውን?

መ. የምስክሩ መለያ ቁጥር ተሰጥቷልን? የተሰጠበት ቀንስ መቼ ነው?

ሠ. የተጠየቀው ገንዘብ በየትኛው ዓምድ ይገባል? በአሠሪው ዓምድ ከሆነ አይከፈል።

ረ. ገንዘቡ የሚከፈለው ለማን ነው? የመንግሥት ክፍያ ለመንግሥት፣ የክሊኒክ ክፍያ ለክሊኒኩ፣ በደረሰኝ ይከፈላል። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሚገባ የመንግሥት ክፍያ የለም።

ሰ. ጊዜው ለምን ተጣበበ? የምስክሩ ቁጥር 3 ወር ይቆያል፤ «በሳምንት ውስጥ ካልከፈላችሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ከደንቡ ሳይሆን ከደላላው የመጣ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ማመልከቻውን መሙላት የሚያስቸግረው ሰው ለረዳው ሰው የድካሙን ዋጋ መክፈሉ ነውር የለበትም። ይህ ክፍያ ግን የአገልግሎት ዋጋ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ከመንግሥት ታሪፍ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ድምር አይቅረብ። ቅጹን ግን አመልካቹ ራሱ መሙላት ይችላል፤ ደላላ እንዲገባበት የሚያዝ ደንብ የለም።

አሁን ወደ መርካቶው ነጋዴ እንመለስ። ነጋዴው የእኅቱን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ወረቀቱን ከደንቡ ጋር ቢያስተያየው የሚያገኘው እንዲህ ይሆናል። የድርጅቱ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፤ እዚህ ላይ ልቡ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን የመጋዘን ሠራተኛነት የዲግሪ ደረጃ ያለው ሥራ አይደለም። 24,000 ፓውንድ ለጀማሪ ከተፈቀደው ከ33,400 እንኳ ያነሰ ነው። የመለያ ቁጥር የለም፤ ያለው ማኅተም ብቻ ነው። የተጠየቀው 8,000 ፓውንድ ደግሞ በሁለቱም ዓምድ ቦታ የለውም፤ አሠሪው ለአንድ ሠራተኛ ለ3 ዓመት ለመንግሥት ከሚከፍለው ከ4,485 ፓውንድ እንኳ እጅግ ይበልጣል። ይህን የመሰለ የመጫኛ ሰነድ ለዕቃ ቢመጣለት ነጋዴው ለባንኩ «አትክፈል» ብሎ በጻፈ ነበር።

ወጣቱ በዚያን ዕለት ማዘኑ፣ ምናልባትም አጎቱን ንፉግ ነው ብሎ መቀየሙ አይቀርም። ገንዘብ መከልከል ብቻውን እርዳታ አይደለምና፣ ነጋዴው ዝርዝሩን ከፊቱ አድርጎ «ይህ ወረቀት አይረባም፤ ሙያህ ግን ይረባል» ሊለው ይገባል። የሒሳብ ሙያ የዲግሪ ደረጃ ካላቸው ሥራዎች መካከል ነው። ወጣቱ ዲግሪውን በኤክቲስ ቢያስመረምር፣ በሙያው ልምድ ቢጨምር፣ በዝርዝሩ ለሚገኙ አሠሪዎች ራሱ ቢጽፍ፣ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ቢሆንም ቀና ይሆናል። አንድ ቀን እውነተኛ የምስክር ቁጥር ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ አጎቱ የሠራተኛውን ዓምድ 3,874 ፓውንድ ወይም በዚያን ቀን የሚሆነውን ታሪፍ ያለ ሥጋት ሊያበድረው ይችላል፤ ደመወዙም ዕዳውን ለመክፈል ይበቃል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለ፣ መጠርጠር የሚገባው ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። ነጋዴ ለሸቀጡ ያለውን ጥንቃቄ ለዘመዱ ጉዞም ቢያደርገው፣ የሱቁ ካፒታል በቦታው ይቆያል፤ ወጣቱም ከማይከፈል ዕዳ ይድናል።